በእንግሊዝኛ የተጀመረ ለቅሶ

ሚስተር ኩሪያን የቤት ሥራ የሚሰጡት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። ሌሎቹ አስተማሪዎች ደወሉ ከተደወለ በኋላ፣ ተማሪው ለመውጣት ሲጋፋ፣ «ከዚህ ገጽ እስከዚህ ገጽ» ብለው ይጮሃሉ፤ የሰማ ይሰማል፣ ያልሰማ ሰኞ ይገረፋል። እኚህ ህንዳዊ ግን ጠመኔያቸውን አስቀምጠው፣ ጣታቸውን በነጭ መሐረብ ጠርገው፣ ፊት ወንበር ላይ ለተቀመጠው ብቻ የሚያወሩ ይመስል ቀስ ብለው ይናገራሉ። የጉለሌ ተማሪ ለማንም ጸጥ የማይል ፍጥረት ነው፤ ለእሳቸው ግን ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል። ዳይሬክተሩ ራሳቸው በመስኮት ሲያልፉ ቆም ብለው ይገረሙ ነበር።

የዚያን ዓርብ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ያነበቡት ከአንድ የቆየ የእንግሊዝ ቴአትር ላይ ነው። ልጇ ከዘማቾች ጋር ወጥቶ የቀረባት አንዲት እናት አለች። ሞቷል የሚላት የለም፤ አለ የሚላትም የለም። አንድ ቀን ብቻዋን ወደ ግቢው በር ትሄድና በሩን ታናግረዋለች። አንተ በር፣ ትለዋለች፣ ልጄን ስታስወጣው ቀላል ነበርክ፤ ለመመለሱ ለምን ከበድክ? እኔ አልዘጋህም። ነፋሱም ይግባ፣ ዝናቡም ይግባ፤ አንተ ክፍት ሆነህ ታረጃለህ፣ እኔም አጠገብህ ቆሜ አረጃለሁ። ሚስተር ኩሪያን ይህን ሲያነቡ አልጮሁም፣ እጃቸውንም አላወናጨፉም። ከሁለተኛው መስመር በኋላ መጽሐፉንም አላዩትም።

ዓለምፀሐይ ታረቀኝ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ከቃላቱ ግማሹ አልገባትም፤ ሰውነቷን ግን ውርር አደረጋት። ይህ ምን ዓይነት ነገር ነው ብላ አሰበች። አገሯን የማላውቃት፣ ምናልባትም ከነጭራሹ ያልነበረች ሴት በር ስታናግር፣ እኔ ጉለሌ ቁጭ ብዬ ለምን ይበርደኛል? ለማንም ያልነገረችው አንድ ምኞት ነበራት፤ እሷም አንድ ቀን ክፍል ፊት ቆማ እንዲህ ማንበብ ትፈልግ ነበር። ያን ዕለት ምኞቱ እንደ ረሃብ ሆዷ ውስጥ ገባ።

«ይህን ንግግር በቃላችሁ ያዙት» አሉ ሚስተር ኩሪያን በዚያው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከዚያ እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው በሉለት። አትተርጉሙ፣ አታስረዱ። በሉለት ብቻ። ሴትየዋ ምን እንደሆነች ከገባው የቤት ሥራችሁን ሠርታችኋል፤ ካልገባው አልሠራችሁም። ሰኞ ያ ሰው ምን እንዳለ ትነግሩኛላችሁ።»

ስለሺ የሚባለው የክፍሉ ቀልደኛ እጁን አወጣ። «ሰር፣ ለአህያ ብንለውስ?»

«መልስ ከሰጠህ ሰኞ ይዘኸው ና» አሉት።

የነዓለምፀሐይ ቤት ከቁስቋም ማርያም በታች፣ ባሕር ዛፉ ከሰፈሩ ጋር በሚገናኝበት ዳገት ላይ ነው። አባቷ አቶ ታረቀኝ አዲሱ ገበያ አጣና ይሸጣሉ። ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ አንድ ነገር ከተናገሩ ግን አይመልሱትም። ልጅቱ ስምንተኛን ስታልፍ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ «በቃት፣ ለሴት ልጅ ይህም ብዙ ነው» ሲላቸው፣ «እስቲ ትንሽ ትቆይ» ብለው ነው ያለፉት። ያ «ትንሽ» እየተጎተተ አሥራ አንደኛ ደረሰ። ዓለምፀሐይ ግን በዚያች ቃል ላይ ብቻ እንደቆመች ታውቅ ነበር፤ አንድ ጥፋት ወይም አንድ ሐሜት ቢመጣ «ትንሹ» አለቀ ማለት ነው።

በአጥር የሚዋሰኗቸው ወይዘሮ ሾዴ ናቸው፤ ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ጥጥ እየፈተሉ የሚኖሩ፣ ቀጠን ያሉ ሴት። የግቢያቸው በር ተዘግቶ አያውቅም። አንድ ልጃቸው ለታ የከባድ መኪና ረዳት ሆኖ ወደ አሰብ ከወረደ ሰባት ክረምት አልፏል። መኪናው አልተመለሰም፣ ሹፌሩ አልተመለሰም፣ ለታም አልተመለሰም። ባለመኪናው «እኛም እየፈለግን ነው» ከማለት በቀር የሚለው አጣ። አንዱ ጎርፍ ወሰዳቸው ይላል፣ አንዱ ሽፍታ ነው ይላል፣ ሌላው ጅቡቲ ተሻግረዋል ይላል። ይህን ይዞ ማን መርዶ ይነግራል? መርዶ ያልተነገረው ደግሞ ለቅሶ አይቀመጥም። ሾዴም «በገዛ አፌ ልግደለው?» እያሉ፣ ነጠላቸውን አንድ ቀን ሳያዘቀዝቁ፣ በየዘመን መለወጫው ለልጃቸው ጋቢ እያሠሩ ሣጥን ውስጥ ይከታሉ። አቶ ታረቀኝ ጅብ እየገባ ሲያስቸግራቸው አይተው ከጽድ የጠረቡትን መቀርቀሪያ አመጡላቸው፤ ሾዴ አመስግነው ተቀብለው ከአጥሩ ጋር አስደገፉት፣ እዚያው ቀረ። ሰው ስለ ለታ ፊታቸው አያነሣም ነበር።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ዓለምፀሐይ የቤት ሥራዋን በእናቷ ላይ ሞከረችው። ወይዘሮ የሺ ምስር እየለቀሙ ነው። ልጅቱ ፊታቸው ተገትራ አንድም ቃል ሳትስት ከዳር እስከ ዳር አለችው።

«ምን ገባዎት፣ እማዬ?»

የሺ አሰብ አደረጉ። «ራዲዮ ላይ የሚለፈልፈውን ሰውዬ ነው የመሰልሽኝ። ምንድን ነው፣ ጨው ተወደደ?»

ይህን ብለው ምስሩን ከደኑና እህል ሊያስፈጩ ወፍጮ ቤት ወረዱ።

ዓለምፀሐይ ተናደደች፤ በእንግሊዝኛው ይሁን በራሷ አላወቀችም። ከቤቱ ጀርባ ወደ ባሕር ዛፉ ወጣችና ለዛፎቹ ትልላቸው ጀመር። ዛፎቹም ጨው ተወደደ ወይ የሚሏት መሰላት። ቃሉ ልክ ነው፣ ነገሩ ግን ቀዝቃዛ ነው። ሚስተር ኩሪያን ሲያነቡ ያቺ እናት ክፍሉ ውስጥ ነበረች፤ በእኔ አፍ ለምን አትመጣም? እዚህ ሰፈር ልጅ የቀረባት ሴት ምን ትሆናለች? ያን ጊዜ አክስቷ ያረፉ ዕለት የሴቶቹ ድምፅ ትዝ አላት። እጆቿን ራሷ ላይ አደረገች። እንግሊዝኛውን ትታ፣ መጀመሪያ ያንን ድምፅ ብቻ፣ ቃል የሌለውን፣ ከሆዷ አወጣችው።

ድምፁ ሲወጣ እሷኑ አስደነገጣት። ግን አላቆመችም፤ ማቆምም የምትችል አልመሰላትም። እንግሊዝኛው በዚያ ዜማ ላይ ተሳፈረ። አንተ በር፣ አለች፣ ባሕር በተሻገረ ቋንቋ፣ በእናቶቿ አለቃቀስ። ደረቷን መታች፣ እንባዋ መጣ፣ የእንጦጦ ገደል ጩኸቷን ተቀብሎ መለሰላት፣ እሷም በላዩ ጨመረችበት። የቤት ሥራ መሆኑን ረሳች። ልጅ ወልዳ የማታውቅ ልጅ፣ ልጅ ማጣት ምን እንደሆነ ለጥቂት ጊዜ አወቀች፤ ደስ የሚልም የሚያስፈራም ነገር ነበር።

አሁን ደግሞ ከታች ያለውን እንይ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ደጃፍ ላይ ወጥቶ ፀሐይ የሚሞቅበት ጊዜ ነው። ያ ድምፅ ከዳገቱ ሲወርድ ሴቶቹ እጃቸው ላይ ያለውን ሁሉ ጣሉት። «ከነታረቀኝ ግቢ ነው» አለች አንዷ። «ልጅቱ ናት» አለች ሌላዋ። «ወይኔ፣ አጣናው ተንዶበት ነው» አለች ሦስተኛዋ፣ በዚያው ሳምንት አዲሱ ገበያ አጣና ተንዶ የአንድ ሰው እግር ሰብሮ ስለነበር። ከዚያ ወዲያ «ይሆን እንዴ?» ያለ የለም። ለቅሶ ሰምቶ ነገሩ እስኪጣራ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው በእኛ ዘንድ ሰው አይባልም። ነጠላ ተዘቀዘቀ፣ መቀነት ጠበቀ። የእድሩ ለፋፊ በዳሳ ጥሩምባውን ይዞ ሮጠ፤ የእድሩ ዳኛ አቶ ዱጉማ ጎረምሶቹን ልከው ድንኳኑን አስመጡ። ሟቹ የታል ብሎ የጠየቀም አልነበረም። ሬሳው ከአዲሱ ገበያ በጋሪ እየመጣ ነው፤ ማን እንደነገረው ባይታወቅም ሁሉም ይህን ያውቃል።

ወይዘሮ የሺ ዱቄታቸውን ተሸክመው ሲመለሱ ግቢያቸው ውስጥ ድንኳን ሲተከል አዩ። ምንም አልጠየቁም። ዱቄቱ ወደቀ፣ እሳቸውም «ታረቀኝን» ብለው ወደቁ። የሚስትየዋ ጩኸት ሲሰማ ትንሽ የተጠራጠረም ቢኖር ጥርጣሬው ለቀቀው።

ይኸው ጩኸት ዳገቱን ወጥቶ ዓለምፀሐይ ጆሮ ደረሰ። የእናቷ ድምፅ ነው። ጥሩምባውንም ሰማች። የራሷ ለቅሶ ዞሮ መርዶ ሆኖ መጣባት፤ የጫረችው እሷ ራሷ መሆኗ ለአፍታም አልታያትም። እየወደቀች እየተነሣች ቁልቁል ሮጠች። ሴቶቹ «አባትሽን» ብለው አቀፏት። አሁን ለቅሶዋ የእውነት ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ከምሳ ጀምሮ ሲመላለስባት የዋለው ያው ንግግር ነው፤ ሌላ ቃል አልመጣላትም። አንተ በር፣ ለመመለሱ ለምን ከበድክ? ሴቶቹ አንዲት ቃል ሳትገባቸው ደረታቸውን እየመቱ ተቀበሏት። «በእንግሊዝኛ አለቀሰችለት» እያሉ ታረቀኝ ባገኘው ክብር ጭምር አለቀሱ። ወይዘሮ ሾዴ ግን ከመካከለኛው ምሰሶ ሥር ተቀምጠው ልጅቱን ትኩር ብለው ያይዋት ነበር።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል አቶ ታረቀኝ ከሥራ መጡ። ድንኳን ከሩቅ ሲያዩ እንደ ወጉ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቀረብ ሲሉ ድንኳኑ የገዛ ግቢያቸው ውስጥ ነው። ወይ ሚስቴ ናት ወይ ልጄ አሉ በልባቸው። እናም እያለቀሱ፣ እየተንገዳገዱ፣ «የትኛዋ ናት? የትኛዋ ናት?» እያሉ በድንኳኑ በር ገቡ። ሟቹ ለራሱ ለቅሶ ሊደርስ መጣ።

አንዲት አሮጊት ካማተቡ በኋላ ተነሥተው ቀረቡና ክንዳቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጓቸው። «ይሞቃል» አሉ ወደ ሕዝቡ ዞረው። የሺ ከመሬት ተነሥተው ባላቸው አንገት ላይ ተጠመጠሙ፣ ዓለምፀሐይ እግራቸው ላይ ወደቀች፣ እልልታውና ሳቁ ተደበላለቀ። አቶ ታረቀኝ ብቻ ሳይስቁ፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ እንባቸው እንደወረደ ቆሙ።

አቶ ዱጉማ ግን የእድር ዳኛ ናቸው፤ ድንኳን በከንቱ ተተክሎ ዝም አይሉም። «መጀመሪያ የጮኸው ማን ነው?» አሉ። እኔ ከእሷ ሰማሁ፣ እሷ ከእሷ ሰማች እየተባለ ነገሩ ቤት ለቤት ዞረና ዳገቱን ወጣ። ዓለምፀሐይ ከአባቷ እግር ሥር ተነሣች። ያን ጊዜ ነው ሁሉም የገባት።

«እኔ ነኝ» አለች። «የቤት ሥራ ነበር።»

«የምን ሥራ?»

«የእንግሊዝኛ። እ... ማለቴ፣ የምታለቅስ ሴት ንግግር እንድንል ታዘን ነው።»

ማጉረምረሙ እንደ ንብ ተነሣ። ሰው ሳይሞት ለቅሶ መጥራት ሟርት ነው አሉ ሴቶቹ፤ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ነገ ቀብር ያለማምዳል አሉ ወንዶቹ። አቶ ታረቀኝ አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻላት ነበር።

«በቁሜ ተለቀሰልኝ» አሉ። «እናትሽን አፈር ላይ አንከባለልሻት። እኔም ከዚያ በር እዚህ እስክደርስ ሁለታችሁንም ቀብሬ ነው የመጣሁት።» ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ። «ደብተርሽን ለእናትሽ ስጪ። ሰኞ ከእኔ ጋር አጣና ተራ ትወርጃለሽ። ትምህርቱ እዚህ ላይ ይበቃል።»

የአባቷን ፊት ስታይ የተፈረደባት በትክክል እንደሆነ ተሰማት፤ የከፋባትም ይኸው ነው። ገብታ ደብተሮቿን አመጣችና ለእናቷ ሰጠች። የሺ ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኗቸው።

ጎረምሶቹ ድንኳኑን ሊያፈርሱ ካስማውን መንቀል ጀመሩ። ዙሪያውን ነቅለው መካከለኛው ምሰሶ ዘንድ ሲደርሱ ግን እጃቸውን ሰበሰቡ። ወይዘሮ ሾዴ ከሥሩ አልተነሡም። እያለቀሱ ነው፤ ድምፅ የሌለው፣ ትከሻን ብቻ የሚያናውጥ ለቅሶ።

«እትዬ ሾዴ» አሏቸው አቶ ዱጉማ ጎንበስ ብለው፤ «ታረቀኝ አልሞተም እኮ። ይኸው ቆሟል።»

«አይቼዋለሁ» አሉ ሾዴ። «ዕድሜ ይስጠው። ለእሱ አይደለም።»

ለማን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያን እንባ ሰባት ክረምት ሲፈራው ኖሯል። ካስማ የያዘው ካስማውን እንደያዘ፣ ሊሄድ የተነሣው እንደቆመ ቀረ። ሾዴ ዓይናቸውን ጠርገው ወደ ዓለምፀሐይ አዩ።

«ነይ እስቲ፣ ልጄ። ያቺ ስትያት የነበረችው ሴት ምን ሆና ነው?»

ልጅቱ አጠገባቸው ተንበረከከች። «ልጇ ወጥቶ ቀርቶባት ነው፣ እትዬ።»

«ሞተ አሏት?»

«አላሏትም። አለ ብለውም አልነገሯትም።»

«እና መርዶ ሳትሰማ አለቀሰች?»

«አዎ። በሩ ጋ ቆማ፣ በሩን እያናገረች።»

ሾዴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በር ጋ መሆኗንማ አውቄያለሁ። ቃልሽ አንዱም አልገባኝ፤ ግን ስትጀምሪ እጄ የበሩን እንጨት የያዘ መሰለኝ፤ ለታዬ ሲወጣ እንደያዝኩት።» የነጠላቸውን ጫፍ ሰበሰቡ። «ልጇን ጠልታው ነው? ተስፋ ቆርጣበት ነው?»

«አይደለም፣ እትዬ። ስለምትወደው ነው።»

«ባለቅስ የምገድለው ይመስለኝ ነበር» አሉ ሾዴ፤ ለማንም አልነበረም። ከዚያ ቀና አሉ። «በይ እስከ መጨረሻው በይልኝ። ቅድም ታረቀኝ መጥቶ አቋረጠሽ።»

በሌላ ቀን ቢሆን ሰፈሩ በዚህ ሳምንት ሙሉ ይስቅ ነበር። ዓለምፀሐይ ወደ አባቷ አየች። አቶ ታረቀኝ መሬት መሬት ያያሉ፤ እምቢም እሺም አላሉም። እሷም ጀመረችው። አሁን አልጮኸችም፣ ደረቷንም አልመታችም። እንደ ሚስተር ኩሪያን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አጠገቧ ላሉት ሴት ብቻ፣ ቃል በቃል አለችላቸው። ግማሽ በተነቀለው ድንኳን ሥር የቆመው ሰው በሙሉ ትንፋሹን ውጦ ሰማት። ነጋዴው፣ ሸማኔው፣ ጥሩምባ ነፊው፣ ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ፣ የማያውቀውን ቋንቋ እያወቀው ሰማት። ዓለምፀሐይ ፈራች። ይህን የጻፈው ሰው ማን እንደሆነ አላወቀችም፤ የትም ይሁን፣ መቼም ይሙት፣ እጁን በዘመናት ላይ አሳልፎ ዘርግቶ የጉለሌዋን ሾዴን ትከሻ ነካ። ይህን የመሰለ ነገር በአንዲት ልጅ አፍ በኩል ማለፉ ከአቅሟ በላይ ሆነባት።

ስትጨርስ ሾዴ ተነሡ። ነጠላቸውን ገልብጠው አዘቀዘቁት። «ለታዬ» አሉ። ያን ስም ሰው ፊት ጮክ ብለው ሲጠሩት የመጀመሪያቸው ነበር። «ለታዬ፣ ልጄ፣ ደከመኝ እኮ።» ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ከቅድሙ ለቅሶ ይልቅ ይህ ዝግ ያለ፣ የጠለቀ ነበር፤ ሲጠራቀም የኖረ ውኃ ቀስ ብሎ እንደሚወርደው።

አቶ ዱጉማ አገጫቸውን ይዘው ቆዩ። መርዶ ሳይነገር ድንኳን አይተከልም የሚለውን ደንብ ያረቀቁት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። በመጨረሻ ወደ ጎረምሶቹ ዞሩ። «ድንኳኑን ወደ ሾዴ ግቢ» አሉ። ምሰሶውን ለማንሣት ጎረምሶቹ ሲጋፉ አቶ ታረቀኝ ገለል አድርገዋቸው ብቻቸውን ተሸከሙት፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንጨት የተሸከሙበት ትከሻ ነው። በዚያ ተዘግቶ በማያውቀው በር ይዘውት ገቡ። በዳሳ በዚያ ቀን ለሁለተኛ ጊዜ ጥሩምባውን ነፋ፤ አሁን ግን የለታን ስም ጠርቶ።

ሰኞ ሠልስቱ ነበር። ዓለምፀሐይ ትምህርት ቤትም አጣና ተራም አልሄደችም፤ ሾዴ ከአጠገባቸው አላስነሧትም። ረፋዱ ላይ ግቢው በር ላይ የተማሪ ዩኒፎርም ታየ። ዓለምፀሐይ ለቅሶ ላይ ናት የሚለው ወሬ ክፍሉ ደርሶ ኖሮ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል በሞላ፣ ስለሺ ጭምር አንገቱን ደፍቶ፣ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ከፊት ሚስተር ኩሪያን አሉ፤ ጥቁር ክራቫት አድርገዋል፣ ጫማቸው የቁስቋምን ጭቃ ጠግቧል። ሌላው ሰው እንዳደረገው አድርገው እጅ ነሡና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«ማን ነው የሞተው?» አሏት ቀስ ብለው፣ ውኃ ስታቀርብላቸው።

ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ራዲዮውን፣ ዳገቱን፣ አባቷን፣ ለታን። ነጭ መሐረባቸውን አውጥተው መነጽራቸውን ይጠርጉ ጀመር፤ ጠረጉት ጠረጉት፣ ቶሎ አላጠለቁትም።

«ይህን ንግግር ወጣት ሆኜ ጀምሬ ሳስተምረው ኖሬያለሁ» አሉ። «ምን ያህል እንደሚከብድ አሁን ነው ያወቅሁት።» ከዚያ አስተማሪነታቸው አልለቃቸው አለና፣ «ሰሚሽ ምን አሉ?» ብለው ጠየቋት።

«ሰውየው ምን ይላል?» አሉ ሾዴ።

«እርስዎ ስለ ሴትየዋ ምን እንዳሉ ነው የሚጠይቁት።»

«መጀመሪያ እሱ ይንገረኝ። መጨረሻዋ ምን ሆነ?»

ዓለምፀሐይ አስተረጎመች። ሚስተር ኩሪያን ትንሽ አመነቱ። «መጨረሻ ድረስ በሩ ጋ እንደቆመች ናት። እሷን ዳግመኛ አናያትም» አሉ።

ሾዴ ይህን ሲሰሙ ከንፈራቸውን መጠጡላት፤ ለአንዲት ጎረቤታቸው እንደሚያደርጉት። «ያልታደለች። ብቻዋን ስላለቀሰች ነው። እድር የላትም፤ ድንኳን የሚተክልላት፣ በይ ግቢ አሁን የሚላት ሰው የላትም። ቢኖራት ገብታ ትተኛ ነበር። ይህን ንገሪው።»

ነገረቻቸው። ሚስተር ኩሪያን ተነሡና ለወይዘሮ ሾዴ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። ሌላ ምንም አላሉም፤ ማርክም አልሰጡም። ዓለምፀሐይ ግን ከዚያ በኋላ በሕይወቷ ብዙ ማርክ ያገኘች ቢሆንም፣ ያን ዝምታ የሚያህል አላየሁም ትል ነበር።

ከወንዶቹ በኩል ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ። አቶ ታረቀኝ ናቸው፤ ከቅዳሜ ጀምሮ አላነጋገሯትም ነበር።

«ጠይቂልኝ» አሉ። «የሚመጣው የቤት ሥራ ምንድን ነው?»

ጠየቀች። «ያው ቴአትር ነው» አሉ ሚስተር ኩሪያን። «የሚቀጥለው ክፍል ሰርግ ነው።»

አቶ ታረቀኝ ይህን በጥሞና አሰቡበት። «ሰርግ ከሆነ አስቀድመሽ ለዱጉማ ንገሪው» አሏት። «ሰዉ ስጦታ ይዞ እንዳይመጣ።»

ድንኳኑ ውስጥ ሳቅ ሾለከ፤ ሾዴም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ዓለምፀሐይ አልሳቀችም። አባቷ ምን እንዳሉ ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ፈጀባት፤ ሲገባት የውኃ ማሰሮውን እንደያዘች እዚያው ቆማ ቀረች። ማታ ቤት ስትገባ ደብተሮቿ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ፤ እናቷ ዱቄቱን እንኳ ከላያቸው አራግፈውታል።

ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ተበትኖ፣ ሦስቱ ራት ቀርበው ሳሉ፣ ከአጥሩ ማዶ አንድ ድምፅ መጣ። እንጨት በእንጨት ላይ ሲንሸራተት ነው። ድምፁ መሀል ላይ ተያዘ፤ አንድ ሰው እንደሚገፋ ሲጥ አለ፤ ከዚያ ድም ብሎ ገባ። አቶ ታረቀኝ የያዙትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡ።

«ያ የጽድ መቀርቀሪያ ወፍሮ ይሆን እያልኩ ስፈራ ነበር» አሉ። «ልኩ ነው ለካ።»